አንድ «አዎ» የጎደለው ቤት

በእኛ ቤት ማንም ሰው ማንንም ከመንካቱ በፊት ይታደሳል። ጠዋት የሌሊት ተረኞች ሲወጡ እኛ የቀኖቹ ኮሪደሩ ላይ እንሰለፋለን። ሌሊቱን የተለወጠው መመሪያ ከግድግዳው ይነበብልናል። ከዚያ ስማችን አንድ በአንድ ይጠራል፤ እያንዳንዳችን «አዎ» እንላለን፤ የእጃችን አምባርም አረንጓዴ ይበራል። አረንጓዴ ያልበራለት እጅ አዛውንት አያነሳም፣ ትራስ አያቃናም፣ ውሃ እንኳን አያቀብልም። ከበሩ ወዲያ ማዶ ሌሊቱን አንሶላው የረጠበበት ሰውዬ «ኧረ የሰው ያለህ!» እያለ ይጣራል። ንባቡ እስኪያልቅ ይጣራል እንጂ ምን ይደረጋል?

እኔ ሐናን ሙሄ እባላለሁ። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ባለው የአዛውንት መንከባከቢያ ቤት ተንከባካቢ ነኝ። አፌ ሰፊ ነው ይሉኛል፤ ውሸት አይደለም። መመሪያ ግን አልጠላም። ድሮ መመሪያ ሳይኖር አዛውንት በየጓዳው ተረስቶ ይሞት እንደነበር እናቴ አጫውታኛለች። የእኔ ጠብ ከፍጥነቱ ጋር ነው። ባለፈው ወር ማንኪያ ከቀኝ በኩል ይቀርብ ነበር፤ በዚህ ወር ከግራ ሆነ። የገላ መታጠቢያው ውሃ ሙቀት በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተለወጠ። አባባ ኑረዲን ዊልቸራቸው ላይ ሆነው ንባባችንን በየቀኑ ያዳምጣሉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ይስቁብናል። እኛ ግን ለመሳቅም ጊዜ የለንም፤ አንዳንድ ቀን ጠዋት የታደስነው ሰዎች እኩለ ቀን ላይ አርጅተን እንገኛለን፤ እንደገና እንሰለፋለን።

ከእኛ አንዱ ሰው «አዎ» ካላለ ቤቱ በሙሉ ያልታደሰ ይባላል። ደጃፉ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል። ጎህ እስኪቀድ ካልታደሰ መብራቱ ቀይ ይሆንና ተቆጣጣሪ ይመጣል። ከእኛ በላይ፣ ከዳገቱ ጫፍ ላይ፣ እንደኛው ያለ ቤት ነበር። አምና ለሁለተኛ ጊዜ በቀይ ተገኘና ተበተነ። አዛውንቶቹን በአንድ ቀን ግማሹን ወደ ወልዲያ፣ ግማሹን ወደ ኮምቦልቻ፣ ግማሹን የት እንደሆነ እንጃ፣ ጭነው ወሰዷቸው። አልጋ አልተገኘም ተብሎ ባልና ሚስት ለያይተዋል። የእኛ ቤትም ከዚህ በፊት አንድ ቀይ አለበት፤ ተቆጣጣሪ ሁለተኛ ቀይ ከጻፈበት ዕጣው ያው ነው።

አሁን ስለ ድምፁ ልንገራችሁ። በየክፍሉ ግድግዳ ውስጥ አንድ ድምፅ አለ፤ ለስለስ ያለ የወንድ ድምፅ ነው። መድኃኒት ያስታውሳል፣ ያየሩን ሁኔታ ይናገራል፣ ለአዛውንቶቹ የመጣ መልእክት ካለ ደግሞ ይነግራል። የማሳወቅ መመሪያ የሚባል አለ፦ «ማንኛውም ተገልጋይ ራሱን የሚመለከት ጉዳይ ሳይዘገይ፣ በቀጥታና ያለ አማላጅ የማወቅ መብት አለው።» ሲነበብ እንዴት ያምራል! እኔም የመጀመሪያ ቀን «እሰይ» ብያለሁ።

ከዚያ የአባባ ሄኖክ ነገር መጣ። ምሳ ላይ ነበሩ፤ ፓስታ ነበር። ድምፁ ከግድግዳው «አቶ ሄኖክ፣ ለእርስዎ መልእክት አለኝ» አለ። «ልጅዎ ወይዘሮ ኤማንዳ ዛሬ ረፋድ ላይ አርፈዋል። መልእክቱ ግልጽ ነው? እባክዎ አዎ ይበሉ።» አባባ ሄኖክ «አዎ» አሉ። ሹካቸውን መልሰው አነሱና ፓስታቸውን ጨረሱ። ሳህኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ አንዲት ፍሬ አልቀረችበትም። በማግስቱም አላለቀሱም፤ በሳምንቱም አላለቀሱም። «አባባ፣ ኧረ ያልቅሱ፣ ኧረ ይውጣልዎት» ብለን ብንለምናቸው ዓይናችንን እያዩ «አዎ» ይሉናል። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ልብማ ልብ ነው! ያልወጣ እንባ ወዴት ይሄዳል ብሎ ነው?

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ አዲስ መመሪያ መጣና ተሰለፍን። መመሪያ ሲመጣ እስክንታደስ ድረስ ድምፁ በየክፍሉ ዝም ይላል፤ ከእሳት አደጋ በቀር አንዳች አይናገርም። የዕለቱ መመሪያ የአጠራር ነበር። ከእንግዲህ «እማማ» እና «አባባ» ክልክል ናቸው፤ ዝምድናን ያለ ፈቃድ መጫን ነው ተባለ፤ «ወይዘሮ» እና «አቶ» ብቻ። አባባ ኑረዲን ከኋላ ሆነው «አቶ ልባል ነው? ቀበሌ የተጠራሁ መሰለኝ» አሉ፤ ሁላችንም ሳቃችንን ዋጥን።

በዚህ መሃል ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ሩሐማ ናት፤ ከአዳማ። ሩሐማ የእማማ ሜላት ወንድም ልጅ ናት። እማማ ሜላት ደግሞ እኔ የምንከባከባቸው ሴት ናቸው፤ ልባቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ያልደከመ። ከሰልፉ ሳልወጣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍሁት።

«ሐናንዬ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ።

ጋሽ ያብስራ! በየሳምንቱ ዓርብ ማታ የሚደውሉት ጋሽ ያብስራ። እናታቸው ቀድማ ሞታ እማማ ሜላት ናቸው ያሳደጓቸው፤ ራሳቸው ገና ልጅ ሳሉ፣ ጀርባቸው ላይ አዝለው። እማማ ሜላት ሌላ እህት ወንድም የላቸውም። ልጅም አልወለዱ።

«ቀብሩ ነገ እዚያው ደሴ ነው» አለች ሩሐማ እንባዋን እየዋጠች። «እሱም ያለው እዚያ ቅበሩኝ ነው። ሌሊቱን ይዘነው እንመጣለን። ሐናንዬ፣ እታባዬ እንዳትሰማ፤ በሞቴ። ጎህ ሲቀድ ደርሰን እኛው በወጉ እናርዳት። ከግድግዳ አትስማው።»

«ሆስፒታሉ አስታውቋል?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ወዲያው ነው የሚያስታውቀው። መልእክቱ እናንተ ጋ ሳይደርስ አይቀርም።»

ስልኩን ዘጋሁ። ኮሪደሩ ላይ ስም እየተጠራ ነው። አዎ። አዎ። አዎ። አምባሮቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ይበራሉ። ሁሉም ሲያበቃ ቤቱ ይታደሳል፤ ድምፁ ይነቃል፤ እማማ ሜላትም ክፍላቸው ውስጥ ለብቻቸው መስኮት መስኮቱን እያዩ ተቀምጠዋል።

«ሐናን ሙሄ» አለ ግድግዳው። «አንብበው ተቀብለዋል?»

ዝም አልኩ። መጀመሪያ ላይ አስቤበት አይደለም፤ አፌ ደርቆ ነው። ግድግዳው ደገመው። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያኔ ገባኝ፤ እኔ ዝም እስካልኩ ድረስ ግድግዳውም ዝም ይላል። ጥርሴን ነከስሁ። አምባሬ ቀይ በራ።

ኤልዳና ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ኤልዳና የቤቱ ኃላፊ ናት፤ ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ስትቆጣ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይነሳል። ድምፁም ጆሮውም የሌለበት፣ የማሽኑ ጩኸት አምባራችንንም የሚያደነቁርበት አንድ ቦታ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ነው፤ እዚያ አስገባችኝና በሩን ዘጋች።

«አብደሻል? በይ አሁኑኑ!»

ነገርኳት። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «ነፍስ ይማር» አለች። «ግን ሐናን፣ አጠገባቸው እንቀመጥ። እኔም፣ አንቺም፣ እጃቸውን እንያዝ። ከዚያ ድምፁ ይንገራቸው። ምን ልዩነት አለው?»

«በጠራራ ፀሐይ? ምሳ ሳይበሉ? አንድ ዘመድ አጠገባቸው ሳይኖር? ኤልዳና፣ እናትሽ ስትሞት መርዶውን ማን ነው ያረዳሽ?»

 እሷን የቀሰቀሷት ሊነጋጋ ሲል ነበር፤ አጎቶቿና ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ደጁን ሞልተው። አንድ ጊዜ ራሷ ነግራኛለች።

«ቤቱ ቢበተንስ?» አለች። አሁን ድምፅዋ ተሰብሯል። «ይሄን ሁሉ ሰው ለአንድ ሰው ብዬ ልበትን? አባባ ኑረዲን ወልዲያ ተጥለው ቢሞቱ ፈጣሪ እኔን ነው የሚጠይቀኝ፣ አንቺን አይደለም።»

«ሁለታችንንም ነው» አልኩ።   ግን እውነቷን ነበር።

 መጨረሻ ላይ ኤልዳና ፎጣ አንስታ ፊቷን ጠረገች። «አባባ ሄኖክ ፓስታቸውን ሲጨርሱ እኔም አይቼ ነበር» አለች። «ስሚኝ፤ እኔ እዚህ ክፍል አልገባሁም፤ አንቺም ምንም አልነገርሽኝም። ግን ጎህ ቀዶ ዘመዶቹ ካልደረሱ፣ እኔ ነኝ አንቄ አዎ የማስብልሽ።»

ከሰዓት በኋላው እንዴት እንዳለፈ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ቀይ አምባር ያለው ሰው ማንንም አይነካም፤ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደ ተከሳሽ በየክፍሉ ቆሜ ዋልኩ። አምባሬም ጨዋ ነው፤ በየጥቂቱ «ሐናን፣ አንብበው ተቀብለዋል?» ይለኛል። «አዎ» የምትል ቃል ለማንም ብናገር ይቆጥራታል። ይባስ ብሎ ወደ ውስጥ የምንስባትን ትንፋሽ፣ ያቺን አፍ ሳይከፈት «አዎን» የምንልባትን፣ እሷንም አስተምረውታል። የኛ ሰው በቀን ስንቴ እንደሚስባት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን አወቅሁ። «ሐናን፣ ውሃው ፈላ?» ትለኛለች የወጥ ቤቷ፤ እኔ እንደ ዲዳ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ሲመሽ ለእማማ ሜላት እራት ገባ፤ ዓርብ ስለሆነ ሽሮ ነበር። ባልደረባዬ አቀረበችላቸው፤ እኔ በሩ ጋ ቆምሁ።

«ያብስራ ዛሬ አልደወለም» አሉ እማማ ሜላት። «ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?»

ትንፋሼ ሳላስበው ወደ ውስጥ ተሳበ። ግማሽ መንገድ ላይ ነበር ያወቅሁበት። በሁለት እጄ አፌን አፈንሁና ሳል ጀመርኩ፤ አምባሬ አንዴ ብልጭ ብሎ ወደ ቀይ ተመለሰ። 

«ምነው፣ ትን አለሽ? ውሃ ስጧት!»

«ይብሉ እማማ» አልኩ ዓይኔ እንባ እንዳቀረረ። «ደህና አድርገው ይብሉ፤ ሰሞኑን እራት እያስተረፉ ነው።»

«ምን ሆናችኋል ዛሬ?» አሉ። ቢጠረጥሩ እውነታቸውን ነበር፤ ወሬ በእኛ ቤት ከዊልቸር ይቀድማልና። አባባ ኑረዲን የቤቱ እድር ሊቀመንበር ናቸው፤ አዎ፣ እድር አላቸው፣ በየትኛውም መመሪያ ያልተጻፈ። እራት ሳይደርስ ከእማማ ሜላት በቀር ሁሉም አዛውንት ሰምቷል። ምስኪኖች፣ መደበቅ አይችሉም! አንዷ የገዛ ጋቢዋን ይዛላቸው መጣች። አንዱ የደበቀውን ማር አመጣ። ሦስት ዓመት በወንበር ጉዳይ ተኳርፈዋቸው የኖሩት ሴትዮ ገብተው ግንባራቸውን ሳሟቸው። እማማ ሜላት አንዱን አንዱን አዩና «ሐኪሙ ምን አላችሁ? ልሞት ነው እንዴ?» አሉ። ሁላችንም «ኧረ እርስዎስ ገና ምን ሆነው!» ብለን በአንድ አፍ ጮህን። በዚያ ጭንቅ መሃል ሳቄ መጣ።

አደርን እንበለው። ጦሳ ላይ ሰማዩ ሲገረጣ ደጁን ጉም ሸፍኖት ነበር፤ በጉሙ ውስጥ የበራችን መብራት ቀይ ሆነ። የመኪና ድምፅ ሰማሁና «ደረሱ!» ብዬ ሮጥኩ። አንዲት ወጣት ሴት ነበረች የወረደችው፤ ለብቻዋ፣ ቦርሳ በትከሻዋ። ተቆጣጣሪዋ ናት። 

«አርሴማ እባላለሁ። ሐናን ሙሄ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

አምባሬን አየችና «መመሪያውን አልቀበልም እያሉ ነው?» አለች። ቁጣም የለባት፣ ፈገግታም የለባት።

አምባሬ ይሰማል፤ ይስማ አልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጋሽ ያብስራን፣ ጀርባቸው ላይ ማደጋቸውን፣ የአባባ ሄኖክን ፓስታ። ኤልዳና ከኋላዬ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። 

«መርዶ የሚባል አንቀጽ የለንም» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«የለም።»

«ፈልጌም አላገኝለትም።»

«አያገኙም።»

ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። «ቁርስ በልተዋል?»

«ምን?»

«ሴትዮዋ ናቸዋ! በባዶ ሆዳቸው ልታረዷቸው ነው? ልባቸው ደካማ ነው ስትዪ አልነበር?» ብላ ቆጣ አለችብኝ። ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ወርዳለች። «ሂጂ ትኩስ ነገር ይቅመሱ በያቸው። እኔ ፍተሻዬን ከውሃ ታንከሩ እጀምራለሁ። የት ነው ያለው?»

«ጓሮ፣ ጫፍ ላይ» አለች ኤልዳና።

«ጥሩ። የውሃ ነገር ቸኩለው አያዩትም» አለችና በእርጥቡ ሣር ላይ ሄደች።

እማማ ሜላት አጥሚታቸውን ግማሽ ኩባያ ጠጡ። «ደግሞ ምን ቸገራችሁ በሌሊት ምግብ» እያሉ ነበር። የመጨረሻውን ሲውጡ የበሩ ጠጠር ተንኮሻኮሸ፤ ይሄኛው እውነተኛው ነበር። ሩሐማ ጥቁር ለብሳ ከፊት፣ ዘመዶቿ ነጠላቸውን አደግድገው ከኋላ። ኮሪደሩ ላይ የቤታችን እድር ተሰልፎ ይጠብቃል፤ በዊልቸር ያለው በዊልቸር፣ በምርኩዝ ያለው በምርኩዝ። እኛ በየጠዋቱ በምንሰለፍበት መስመር ላይ ነው የቆሙት። አባባ ኑረዲንን የገፋኋቸው እኔ ነኝ፤ ዊልቸር ሰው አይደለም፣ ዊልቸር መንካት አልተከለከለም።

በሩ ተከፈተ። ክፍሉ በሰው ሞላ። እማማ ሜላት አልጋቸው ላይ ቀና አሉና ፊቱን ሁሉ አዩ፤ ጋቢውን፣ የተደገደገውን ነጠላ።

«ማን ነው?» አሉ በቀጭን ድምፅ። ምንድን ነው አላሉም።

«ሜላት እህቴ» አሉ አባባ ኑረዲን። «ሁላችንም የዚያው መንገድ ሰዎች ነን። ያብስራ ቀደመን።»

 እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም። ዓይናቸው ደረቅ ነው።  ከዚያ በቀስታ «እሺ» አሉ።

 «እሺ»! የአባባ ሄኖክ ፊት ቁልጭ ብሎ መጣብኝ። ይሄን ሁሉ ሆነን፣ ቤቱን አስይዘን፣ ያው ሆነ? አዛውንቶቹም እንደኔው ደነገጡ፤ አንዷ «ኧረ አልቅሽ ሜላትዬ፣ ኧረ በማርያም» አለች። እማማ ሜላት እንደገና «እሺ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሩሐማ ሰዉን ገፍታ መጣችና ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

«እታባዬ! እታባዬ፣ አባዬን አመጣሁልሽ!»

እማማ ሜላት ጎንበስ ብለው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና ቀና አደረጉት። ግንባሯ የአባቷ ነው፤ ፎቶውን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ግንባሯን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። 

«ወንድሜ» አሉ። ከዚያ ጮሁ። «ወንድሜ! አንተ ልጅ! ጀርባዬ ላይ ያሳደግሁህ! ሳልሸኝህ! ዓርብ ሳትደውልልኝ!»

አለቀሱ! ደረታቸውን እየመቱ፣ እንባቸው አፋቸው እየገባ፣ እንደ ልጅ አለቀሱ። ክፍሉ አብሮ አነባ። እኔም አለቀስኩ፤ ግን አልዋሻችሁም፣ ከሐዘኑ ይልቅ እፎይታው ነበር ያስለቀሰኝ። ወጣላቸው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ወጣላቸው! ሮጬ ከጀርባቸው ደግፌ ያዝኳቸው። አምባሬ «እባክዎ እጅዎን ያንሱ፣ አልታደሱም» እያለ ይጮኻል፤ በዚያ ልቅሶ ውስጥ ማን ሰምቶት። ከአዛውንቶቹ መሃል እንኳን አንድም ዞሮ ያየኝ የለም።

ተቆጣጣሪዋ መቼ እንደገባች አላየሁም። በሩ ጥግ ቆማለች፤ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ ሻርፗን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የማንን ሐዘን እንደምታለቅስ አልጠየቅኋትም፤ ልቅሶ ቤት ሁሉም የየራሱን ነው የሚያለቅሰው።

እማማ ሜላት ደክሟቸው ሲረጋጉ፣ ስለ ያብስራ የልጅነት ክፋት ለሩሐማ መንገር ሲጀምሩ፣ አርሴማ ወደ እኔ መጣችና ዓይኗን ጠረገች። ድምፅዋ ወደ ሥራው ተመልሷል።

«ፍተሻዬ ወደ ማለቁ ነው» አለች። «እኔ የምጽፈው ፍተሻው ሲያልቅ ቤቱን ያገኘሁበትን ሁኔታ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን አይደለም። ደንቡ ይሄ ነው።» አምባሬን አየችው። «ታንከሩ ንጹሕ ነው። ሌላ የሚጎድል ነገር አለ?»

ኤልዳና ከኋላ ወገቤን በክርኗ መታችኝ።

«አዎ» አልኩ። ከትናንት እኩለ ቀን ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ የቆመች ቃል! ስትወጣ ጥርሴን ሁሉ ያስለቀቀችኝ መሰለኝ። አምባሬ አረንጓዴ በራ። በመስኮቱ በኩል የደጁ መብራት ከቀይ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ሁላችንም አየን። ኤልዳና ወንበር ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና «እፎይ፣ ጌታዬ!» አለች፤ አባባ ኑረዲን እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። የትም አንበተንም። አርሴማም ቦርሳዋን አነሳችና ለሩሐማ «ያጽናችሁ» ብላ ወጣች።

ወዲያው በየክፍሉ ድምፁ ነቃ። የተጠራቀመበትን ሁሉ ያወርደው ጀመር፤ የትናንት መድኃኒት፣ የትናንት ዝናብ፣ የትናንት ምሳ። በመጨረሻ ከእማማ ሜላት ራስጌ ላይ በዚያ ለስላሳ አነጋገሩ ጉሮሮውን የጠረገ መሰለ።

«ወይዘሮ ሜላት፣ ለእርስዎ መልእክት አለኝ። ወንድምዎ አቶ ያብስራ ትናንት ረፋድ ላይ አርፈዋል። መልእክቱ ግልጽ ነው? እባክዎ አዎ ይበሉ።»

 ሩሐማ እጃቸውን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። እማማ ሜላት በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ፣ ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ ለአንድ ዘግይቶ ለደረሰ ለቀስተኛ እንደሚናገሩ ሆነው ረጋ ብለው መለሱ።

«ሰው ነግሮኛል።»

«መልስዎ አልተመዘገበም» አለ ድምፁ።

«ሰው ነግሮኛል አልኩህ እኮ፣ ልጄ» አሉት። ከዚያ ፊታቸውን ወደኔ መለሱና፣ ቀብሩ እንዳይቀድማቸው ጫማቸውን ቶሎ እንዳደርግላቸው እግራቸውን ዘረጉልኝ።